ቆርቆሮ ነበር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ ስጀምር እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሳቅ፣ ይገባኛል። የጠፋሁት ግን ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም፤ አፍሬ ነው።

የመጨረሻው ደብዳቤዬ ትዝ ይልሃል? በሦስት ቃለ አጋኖ «አገኘሁት» ያልኩህ? አንቲፌሮማግኔት የሆነ፣ ማለት ጎረቤት አቶሞቹ የማግኔት አቅጣጫቸውን አገላብጠው የሚቆሙ ክሪስታሌ፣ ማግኔትነቱን ሳይለቅ 3.7 ኬልቪን ላይ፣ ከፍጹም ዜሮ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚያሳልፍ ሱፐርኮንዳክተር ሆነልኝ ብዬ ነበር። አንተ አንዲት መስመር ብቻ መለስክ፦ «በምን ውስጥ ነው ያሳደግከው?» እንኳን ደስ አለህ እንኳ ሳትለኝ! ተቀየምኩህ።

በቀለጠ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ውስጥ ነበር ያሳደግኩት። ቆርቆሮ ራሱ 3.7 ላይ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን ሠንጠረዥ ገልጦ የሚያይ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ግን ገና ትኩስ እያለ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሬ ቆርቆሮውን አራግፌዋለሁ፣ በአሲድ አጥቤዋለሁ፣ በማይክሮስኮፕ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ምልክቱ ደካማ መሆኑ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ በተገባ፤ እኔ ግን ለድካሙም ማብራሪያ ፈጠርኩለት።

ጽሑፉን ለመጽሔት ልልክ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ። ማታ ተመልሼ ክሪስታሉን 2 ኬልቪን ላይ አስቀምጬ ማግኔቲክ ፊልዱን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። 200 ጋውስ ላይ ምልክቱ አለ። 250 ላይ ድርግም አለ። የቆርቆሮ ሱፐርኮንዳክተርነት በዚያ ሙቀት ለፊልድ የሚሸነፈው እዚያው መሐል ነው። ጠዋት ክሪስታሉን በምላጭ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ከአሸዋ ቅንጣት የምታንስ፣ ብር የመሰለች ጠብታ ተሸሽጋ ተቀምጣለች። ብዙ ጊዜ አየኋት። ከዚያ ለአንተ ልጽፍ ተቀመጥኩና አልቻልኩም፤ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት።

አንተ ያን ያህል የጓጓሁበትን ምክንያት ታውቃለህ። ማግኔትነት ሱፐርኮንዳክተርን የሚሠሩትን የኤሌክትሮን ጥንዶች ይበትናል ተብለን ነው ያደግነው። የሱፐርኮንዳክተር አዳኙ በርንድ ማቲያስ ከማግኔትም፣ ከኦክስጅንም፣ ከቲዎሪ ሰዎችም ራቁ ይል ነበር እየተባለ ሲወራ በሦስተኛው ብቻ እንስቅ ነበር። የኦክስጅኑን ሕግ በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር አፈረሱት፣ ያውም እናት ውሁዱ አንቲፌሮማግኔት በሆነ የመዳብ ኦክሳይድ። የብረቱ ተራ ሲደርስ ግን እኛም ነበርን። 2008 ትዝ ይልሃል? የብረት ብናኝ ናሙና ያበላሻል ተብሎ የብረት ወረንጦ እንዳንነካ ተከልክለን፣ በፕላስቲክ ወረንጦ ስንንከላወስ፣ ከቶኪዮ የሆሶኖ ቡድን ብረትና አርሰኒክ ያለበት ውሁድ 26 ኬልቪን ላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ አለ። ዓመቱ ሳያልቅ የዚያው ቤተሰብ አባል 55 ደረሰ። አንተ ወረንጦህን አንስተህ «እንግዲህ ይቺንስ ማን ይመልሳት?» ያልከው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

አንተ ወደ ኤምአርአይ ማግኔት ሥራ ስትሄድ ከዳኸኝ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁለታችን የሚሠራ ነገር በእጁ ያለው አንተ ነህ። ኒዮቢየም ቲታኒየም ሽቦህ በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ሆኖ ዓመት ከዓመት ጅረቱን ይሸከማል፤ ለምን እንደሚሠራም ከ1957 ጀምሮ የሚያብራራ ቲዎሪ አለው። የኔዎቹ ለምን እንደሚሆኑ ገና እየተከራከርን ነው።

በነዚህ ዓመታት ምን ሠራህ ካልከኝ፣ ባብዛኛው «አይደለም» የሚል መልስ ሰበሰብኩ። ለኒውትሮን ሙከራ ስድስት ወር ተሰልፌ አራት ቀን ይሰጠኛል፤ ከአራቱ አንዱን ማቀዝቀዣው ይበላዋል። ተማሪዎቼን ግን ደግ አደረግኳቸው መሰለኝ። ማንኛውም ኩርባ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንተን ጥያቄ ነው፣ የማን እንደሆነ ባያውቁም።

አሁን ያንኑ ውሁድ በአዮዲን ትነት ነው የማሳድገው። ቀድሜ ልንገርህ፣ ክሪስታሉ ውስጥ ቆርቆሮ የለም። ከጎኑ ግን አለ፦ ናሙናውን በሚጨምቀው የግፊት ሴል ውስጥ ክሪስታሉን ከአንዲት የቆርቆሮ ቁራጭ ጋር አንድ ላይ አስገባዋለሁ፤ ግፊቱ ሲጨምር እሷ ሱፐርኮንዳክተር የምትሆንበት ሙቀት ስለሚወርድ ግፊቱን የምለካው በሷ ነው። ያቺ ጠላቴ ደመወዝተኛዬ ሆነች ማለት ነው።

ትናንት ማታ 1 ጊጋፓስካል ገደማ ላይ በኩርባው ላይ እሷ እንደ ወጉ 3.2 ኬልቪን ላይ ወረደች። ከዚያ 1.9 ላይ ሌላ ነገር ወረደ። ደካማ አይደለም። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ኩርባውን አያይዤልሃለሁ። ሴሉ አሁን እየሞቀ ነው፤ ነገ ፊልድ ሰጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ አንዲት መስመር ጻፍልኝ፤ ዘንድሮ አልቀየምም።