የሙሽራይቱ አባት የቱ ነው?

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ዋና ጀምራለች። የትንሹ የፊት ጥርስ ወልቋል፤ «አያቴ ጣራ ላይ ይወርውርልኝ» ብሎ በፖስታ አሽጎ አስቀምጦልሃል።

እሑድ ለታ እዚህ ጀርመን፣ ቩርትስቡርግ ከተማ ያለውን የጳጳሳቱን ቤተ መንግሥት ላሳያቸው ወስጃቸው ነበር። እዚያ አንድ ሥዕል አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳና የቡርጎኟ ቢያትሪስ ሠርግ ነው። ሠርጉ የተደረገው እዚያው ከተማ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1156 ነው። ላሊበላ ገና አልነገሠም። ሥዕሉን ግን የቬኒሱ ቲዬፖሎ የሳለው በ1751 እና 52 ነው፤ ሁለት ልጆቹን ይዞ መጥቶ፣ እርጥብ ልስን ላይ። ከጣራው ሥር ነው ያለው። በጄሶ የተሠራ ወርቅማ መጋረጃ ወደ ጎን ተሰብስቦ፣ ሠርጉ ልክ እንደ ቲያትር ይከፈታል። በጣም ያምራል፣ አባዬ። አንተ ብታየው ግን መጀመሪያ የምታርመው ልብሱን ነበር። የለበሱት ከሠርጉ አራት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ የቬኒስ ፋሽን ነው።

የሚያጋባቸው ጳጳስ ደግሞ ፊቱ ሥዕሉን ያሳለው የከተማው ጳጳስ፣ የካርል ፊሊፕ ፎን ግራይፈንክላው ነው። ስድስት መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሰው! ሠዓሊው ያልነበረውን ሰው ሠርጉ መሀል አቆመው።

ትንሹ አንጋጦ ሲያይ ቆየና «የሙሽራይቱ አባት የቱ ነው?» አለኝ። አባቷ በ1148 ነው የሞተው፤ ሳይድራት። «ሞቷል» አልኩት። «ያንቺ ሠርግ ላይስ አያቴ የት ነበር?»

ቪዛ ከልክለውት ነው አልኩት። አንተ ያልከኝን ነው የነገርኩት። ፎርሙ ሳይሞላ መሳቢያህ ውስጥ መቀመጡን ካወቅሁ ግን ሦስት ዓመቴ ነው። አክስቴ ናት የነገረችኝ። እባክህ አትቆጣት።

ሥዕሉ ላይ ሙሽሮቹ ተንበርክከዋል። እኔም ያን ቀን ተንበርክኬ ነበር፤ የአጎቴን ጉልበት ስሜ ተመረቅሁ። ምርቃቱ ጥሩ ነበር። ድምፁ ግን ያንተ አልነበረም። ከመምህር ደመወዝህ ላይ ለጀርመንኛ ትምህርቴ የከፈልከው አንተ ነህ፣ ይህን አንድም ቀን አልረሳሁም። ታዲያ ባሌን ሳታየው ለምን ጠላኸው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በስልክ ሰላም አላልከውም።

የዓይንህ ሞራ ቀዶ ሕክምና ለምን ተራዘመ? ስኳሩ መጀመሪያ ይውረድ ብለውሃል አሉ። እንግዲያውስ ቡናህ ላይ ስኳር አትጨምር። ማታ ስትነሣ መብራት አብራ፤ የመብራቱን ሂሳብ እኔ እልካለሁ። በጨለማ እየዳሰስክ እንደምትሄድ ሰምቻለሁ። ስልኩ ሌሊት በጠራ ቁጥር... ይቅር፣ አልጽፈውም።

ለጥምቀት ትኬት ቆርጠናል። አራታችንም ነን፣ እሱም ይመጣል። የሠርጉን ካባ ይዤ እመጣለሁ። አንተ ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ፣ እኛ እንበረከካለን። ዓይንህ ባያየን እንኳ እጅህ ራሳችንን ያገኘዋል። ምን ብለህ እንደምትመርቀን ከአሁኑ አስብበት።

ጥርሱንም ይዘነው እንመጣለን።

ልጅህ