ደብዳቤ ለልጄ፦ ሊየምባን ከባዶ ለመሥራት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እንደምን አለሽልኝ?

የሊየምባ መርከብን ትንሽ ሞዴል ከባዶ ሠርተሽ በሪሞት ልትነጂ መነሣትሽን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያው አንቺ ባለሽበት ጀርመን፣ ፓፐንበርግ ከተማ በማየር ቬርፍት ተሠርታ፣ ተፈታትታ፣ 5,000 ገደማ በሚሆን ሣጥን ተጭና በባሕርና በባቡር ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ ወዳለችው ኪጎማ ደርሳ ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ እንደገና የተገጠመች መርከብ ናት። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላትን መምረጥሽ አኩርቶኛል።

በቅድሚያ የየትኛው ዘመን ሊየምባ እንደሆነች ወስኚ። በ1915 መድፍ ተጭኖባት ግራፍ ፎን ጌትሰን ትባል የነበረችው፣ በ1927 ስሟ ተቀይሮ በእንፋሎት የሠራችው፣ በ1970ዎቹ ናፍጣ ሞተር ከገባላት በኋላ ያለችው መልካቸው አንድ አይደለም። የተለያየ ዘመን ፎቶ ከቀላቀልሽ በየትኛውም ጊዜ ያልነበረች መርከብ ትሠሪያለሽ። ሁለቱንም ጎኗንና ኋላዋን የሚያሳይ ፎቶ በብዛት ያገኘሽበትን ዘመን ያዢ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። መጠኑ 1 ለ72 ይሁን። 71.4 ሜትሩ ርዝመት 99 ሴ.ሜ. ይሆናል፤ 10 ሜትር የሚጠጋው ወርድ ወደ 14 ሴ.ሜ. ይወርዳል። ክብደት ግን በ72 አንዴ ተካፍሎ አይበቃውም፤ ሦስት ጊዜ በ72፣ ማለትም በ373,248 ይካፈላል። ስለዚህ 1,575 ቶኗ 4.2 ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ ከከበደች ከውሃ መስመሯ በታች ትቀመጣለች፤ ከቀለለች ቀዩ ሆዷ ይታያል፣ ያንገዳግዳታልም። እኔ እንዲህ እመድበዋለሁ፦ አካሏ 1.2 ኪሎ፣ ሁለቱ ሞተር ከነሻፍታቸው (ፕሮፔለሩን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር) 500 ግራም፣ ባትሪ 750፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 150፣ ከወለሉ በላይ ያለው ሁሉ ከነቀለሙ 500። የቀረው 1.1 ኪሎ ከሥር የሚቀመጥ እርሳስ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ጠረጴዛሽ ላይ ይኑር፤ የምትሠሪውን ሁሉ ከመለጠፍሽ በፊት መዝኚ። ስቱኮና ቀለም ብቻውን ሳይታወቅሽ 200 ግራም ሊበላ ይችላል።

የመርከቧን ቅርጽ የሚይዙትን የጎድን አጥንቶች ከ4 ሚ.ሜ. የበርች ኮምፔንሳቶ ቁረጪ፤ በየ5 ሴ.ሜ. ሲቆሙ 19 ይሆናሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የፕላኑ መስመር የመርከቧ የውጭ ገጽ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ አጥንት ዙሪያ የጣውላውን ውፍረት፣ 2 ሚ.ሜ. ቀንሺ። ካልቀነስሽ ወርዷ 4 ሚ.ሜ. ይሰፋል፤ ሒሳቡም ከመጀመሪያው ይፈርሳል። እያንዳንዱን አጥንት እኩል ከፍታ ላይ የሚያልቅ እግር ጨምረሽለት ቁረጪና ፈጽሞ በማይጎብጥ ወፍራም ሰሌዳ ላይ ግልብጥ አድርገሽ ትከዪው። ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ ክር ወጥሪ፤ የእያንዳንዱ አጥንት መካከለኛ መስመር ክሩ ሥር ካልዋለ ሙጫ አትንኪ።

ጣውላው 2 በ6 ሚ.ሜ. የሊንደን እንጨት ይሁን፤ ለአንድ ጎን 20 ያህል ይፈጃል። አንዱን በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ እያልሽ ለጥፊ። አንዱን ጎን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ብትዞሪ የጣውላው ውጥረት አከርካሪዋን ያጣምመዋል፤ ያን የሚያቀና የለም። ወደ ፊት ጫፍ ሲጠጋ ጣውላውን አሹይው፣ ከ3 ሚ.ሜ. ግን አታሳንሺው፣ ይሰነጠቃል። ኋላ ላይ በተቃራኒው ክፍተት ይፈጠራል፤ በግድ ጎትተሽ ከመዝጋት ሽብልቅ ሞልተሽ መዝጋት ይሻላል። የማይታጠፈውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ ቦታው ላይ አስረሽ፣ ሲደርቅ ብቻ ለጥፊ። እርጥብ እያለ የተለጠፈ እንጨት ሲደርቅ ይሸሻል።

የሻፍት ቱቦዎቹን ኋላው በጣውላ ከመዘጋቱ በፊት ግጠሚ። መርከቧ ባለ ሁለት ፕሮፔለር ናት፤ ከኋላ ስታያቸው ቀኙ በሰዓት አቅጣጫ፣ ግራው በተቃራኒው እንዲዞር የቀኝና የግራ ፕሮፔለር ጥንድ አድርገሽ ግዢ። 4 ሚ.ሜ. ሻፍት ይበቃል። ሞተሩን የምታስቀምጪበትን መደብ ስታጣብቂ ሞተርና ሻፍቱን በማይተጣጠፍ የናስ ቱቦ አያይዣቸው፤ ሙጫው ሲደርቅ ቱቦውን አውጥተሽ ተጣጣፊውን መጋጠሚያ አስገቢ። ገና ከመጀመሪያው ተጣጣፊውን ከገጠምሽ ጥመቱን ይደብቅብሻል፤ ኋላ ጩኸትና ባትሪ ጨራሽ ይሆናል። የሻፍቱ ዳዶም ኩሽኔታውን እንዳይጫነው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ይበል። ቱቦውን ውሃ በማይበግረው ግራሶ ሙይው፤ የውስጥ አፉም በተቻለ መጠን ከውሃ መስመር ከፍ ይበል፣ ውሃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነውና። ግራሶን አትናቂ፤ ጀርመኖች በ1916 ራሷን ሊየምባን ሲያሰጥሟት ሞተሮቿን በግራሶ ለብጠው ስለነበር፣ እንግሊዞች በ1924 ሲያወጧት አሁንም የሚሠሩ ሆነው ተገኝተዋል።

አካሏን በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስሽ በኋላ በካሬ 50 ግራም የሆነ የፋይበር ግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ አልብሻት። ማጠንከሪያውን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ መዝነሽ ጨምሪ፤ ቶሎ ይድረቅልኝ ብለሽ ብታበዢው አይፈጥንም፣ እንደሚያጣብቅ ይቀራል። ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ሊወጣ ስለሚችል ከመፈግፈግሽ በፊት በውሃ እጠቢው፤ አለዚያ ቀለሙ ይላጣል። ውስጧንም በኢፖክሲ ቀቢ፤ እንጨት ከውስጥም ውሃ ይጠጣል።

ሊየምባ የብረት መርከብ ስለሆነች የብረት ሰሌዳዎቿን ያያያዙት የሪቬት (ተቀጥቅጦ የሚገባ ወፍራም ምስማር) ራሶች መታየት አለባቸው። በ1 ለ72 የአንዱ ራስ ስፋት ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነጭ ሙጫ በቀጭን መርፌ ሲሪንጅ ነጠብጣብ እያደረግሽ መደርደር ይቻላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ውጤቱ ግን ያስደስታል። ቀለሙን ሁለቴ በስሱ ርጪ፤ አንዴ ወፍራም ከቀባሽ ልፋትሽን ይውጠዋል።

ከወለሉ በላይ ያሉትን ክፍሎች ከ1 ሚ.ሜ. ስታይሪን ፕላስቲክ ሥሪ፣ የላይኞቹን ከግማሽ ሚሊ ሜትር። የተዘጋ ሣጥን ሁሉ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ የማጣበቂያው ትነት መውጫ ካጣ ከሳምንታት በኋላ ግድግዳው ይጣመማል። የወለሉ ዳር መከላከያ አጥር 14 ሚ.ሜ. ከፍታ አለው፤ ጠረጴዛ ላይ በተሣለ መስመር አስተኝተሽ ከናስ ሽቦ በየጂው። ቀጣዩን ስትበይጂ ቀድሞ የተበየደው እንዳይቀልጥ በእርጥብ ጥጥ ሸፍኚው። የምሰሶ ገመዶቹን ከጥጥ ክር አታድርጊ፤ ይጸጉራል፣ እርጥበት ሲነካውም ይረግባል። ሲነካ የሚሳብ ላስቲክ ክር ይሻላል።

ኤሌክትሮኒክሱ ቀላል ነው። 6 ቮልት 4 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ፣ ሁለት ቀስ ብለው የሚዞሩ ሞተሮች፣ ለእያንዳንዱ ወደ ኋላም የሚነዳ የፍጥነት መቆጣጠሪያ። የሁለተኛውን መቆጣጠሪያ ቀይ ሽቦ ከሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ ከሚቀበለው ዕቃ) ነቅለሽ በቴፕ ጠቅልይው፤ ሁለቱም ኃይል ከሰጡ ይጋጫሉ። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አትርሺ። የ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ሞገድ ውሃ ስለማያልፍ የሪሲቨሩ አንቴና ከውሃ መስመር በላይ ይሁን። ባትሪው ከ5.25 ቮልት በታች አይውረድ፤ ስትሞዪውም ከመርከቧ አውጥተሽ ይሁን። ፍጥነት አያጓጓሽ፦ እውነተኛዋ 10 ኖት ስትሄድ ያንቺዋ በሰከንድ 60 ሴ.ሜ. ነው መሄድ ያለባት፣ ፍጥነቱ የሚካፈለው በ72 ሳይሆን በ72 ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት)፣ በ8.5 ነውና።

የመጨረሻው ፍተሻ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው። እርሳሱን በትንንሽ ቁራጭ እያደረግሽ አስተካክይ፣ ቦታው ሳይረጋገጥ አታጣብቂ። ጎኗን በጣትሽ ተጭነሽ ልቀቂ፤ ፈጥና ከተመለሰች ደኅና ናት፣ ዘንበል ብላ ከዘገየች ከላይ ከብዳለችና ቀንሺ። 14 ሴ.ሜ. ወርድ ይቅርታ የለውም። ሰዓት ሙሉ ተይያትና ውስጧን በደረቅ ወረቀት ዳሰሺ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ቀዳዳውን ፈልጊ እንጂ ወደ ሐይቅ አትሂጂ። ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሮቹ እንዲቆሙ አስተካክለሽ፣ ነፋስ ወደ አንቺ በሚነፍስበት ዳርቻ አስጀምሪያት፤ ኃይሏ ቢቋረጥ ነፋሱ ራሱ ይመልሳታል።

እናትሽ