ግምት ስታትሙ ሒሳቡንም ዝጉልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ በውጭ ዜና ገጽ ላይ ቀጣዩ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማን ሊሆን እንደሚችል የሚተነብይ ጽሑፍ አውጥታችኋል። ከሪፐብሊካኖቹ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄ.ዲ. ቫንስና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ፣ ከዴሞክራቶቹ የካሊፎርኒያው ገዥ ጋቪን ኒውሰም ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ በአንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ጮክ ብዬ ሳነበው፣ አጠገባችን የስፌት መኪናውን የሚረግጠው ልብስ ሰፊ ወዳጄ ቀና ሳይል «ለመሆኑ ምርጫው መቼ ነው?» አለኝ። ጥቅምት 28 ቀን 2021 ዓ.ም. አልኩት። (በፈረንጆቹ ኖቬምበር 7 ቀን 2028 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ጋዜጣችሁ ቀኑን አልጻፈውም።) «እንግዲያው የዘንድሮውን ሳንቆጥር ቡናው ገና ሁለት ጊዜ ያብባል» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

እኔ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ 31 ዓመት በቡና ማበጠሪያ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ስለዚህ የአበባ ግምት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ማሳው በአንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው መንገድ ላይ ያቆማል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፋል። በዚያች መካከል ነጋዴው ይመጣና ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አድርጎ ይገምታል። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ እንዲህ ባለ ማሳ ፊት ቆሞ «40 ፈረሱላ» ብሎ ቀብድ ከፈለ። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ፤ ተመልሶ ሲመጣም ከመጠን በላይ መጣ። በኅዳር መጋዘን የገባው 19 ፈረሱላ ነበር። የሚገርመው ማንም አልሳቀበትም። ግምቱ በመዝገቡ በግራ በኩል ተጽፏል፣ የገባው ቡና በቀኝ በኩል፣ ልዩነቱ ከሥር በቀይ ቀለም። በዓመቱ ያው ሰው ያንኑ ማሳ አይቶ 25 አለ፤ ብዙም አልሳተም።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። መገመታችሁን አልጠላሁም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ግን የግራውን ገጽ ትሞሉና የቀኙን ባዶ ትተዉታላችሁ።

እኔ ትቼው አላውቅም። የአሜሪካ ምርጫ ግምት የምመዘግብበት አንድ ደብተር አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ነሐሴ 1999 ዓ.ም. ይላል፤ ጥጉ ላይ የሲኒ ቂጥ የተወው ክብ አለ። በዚያ ሰሞን የማነበው ሁሉ ዴሞክራቷ ሒላሪ ክሊንተን ከሪፐብሊካኑ ሩዲ ጁሊያኒ ጋር እንደሚፋጠጡ ይነግረኝ ነበር። በእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ኪሎ ቡና አስይዤ ከልብስ ሰፊው ጋር ተወራረድኩ። እሱ ስም አልጠራም፤ «ሁለቱም አይሆኑም» ብቻ ብሎ ፈረመ። ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ዓመት በጥር ወር ጁሊያኒ አንድም ክፍለ ግዛት ሳያሸንፉ ወጡ። በግንቦት መጨረሻ ሒላሪ ለኦባማ ለቀቁ። በሪፐብሊካኑ በኩል የቀሩት በዚያ ክረምት የዘመቻ ገንዘባቸው ተሟጦ አበቃላቸው የተባሉት ጆን ማኬይን ነበሩ። አራት ኪሎ ቡና ከቤቴ ወጣ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

ሌሎቹን ገጾች በፍጥነት ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄብ ቡሽን የሚደግፈው ቡድን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ስለነበር ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ሰውየው በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ከውድድሩ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆ ባይደን በአይዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሸር አምስተኛ ሲወጡ ስማቸውን ሰርዤ ነበር። ደቡብ ካሮላይና ላይ ተነሡ፤ ስርዙን መልሼ መሰረዝ ነበረብኝ። የሒሳብ ሰው ነኝና ወጪውን ብቻ ጽፌ ገቢውን አልደብቅም፦ ለ2000ው ምርጫ አል ጎርና ጆርጅ ቡሽ፣ ለ2016ቱ ሒላሪ ክሊንተን ቀድሞ እንደተገመተው ዕጩ ሆነዋል። ስለዚህ ግምት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። የትኛው ግምት ለምን እንደያዘ፣ የትኛው ለምን እንደከሸፈ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት።

ለምሳሌ በጽሑፋችሁ ውስጥ ዕጩ የሚመረጠው እንዴት እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለም። አሜሪካኖቹ ዕጩያቸውን የሚለዩት በአንድ ቀን አይደለም፤ ክፍለ ግዛቶቹ በየተራ ድምፅ ይሰጣሉ፣ በድምፁ መሠረት ልዑካን ይገኛሉ፣ ልዑካኑ በበጋቸው ጉባኤ ዕጩውን ይሰይማሉ። የአቆጣጠሩ ደንብም በየፓርቲው ይለያያል። ዴሞክራቶቹ ልዑካኑን በድምፁ ልክ ሲያካፍሉ፣ 15 በመቶ ያልደረሰ ባዶ እጁን ይመለሳል። በሪፐብሊካኖቹ ዘንድ ግን አንደኛ የወጣው ሁሉን ጠቅልሎ የሚወስድበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ትራምፕ በደቡብ ካሮላይና ሲሶ እንኳ ባልሞላ ድምፅ 50ዎቹንም ልዑካን ወሰዱ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ በመላ አገሪቱ በተሰበሰበ አስተያየት ብቻ ቡናውን አያስይዝም። እኔ ይህን የተማርኩት አራቱን ኪሎ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

«ለጅማ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 አሜሪካ ከኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይ የ10 በመቶ ቀረጥ ስትጥል ቡናውም አልቀረለትም፤ የተነሣለት በኖቬምበር ነው። በእነዚያ ወራት እዚህ በረንዳ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ትራምፕ ስለ ግድባችን በተናገሩት ተቆጥተን የባይደንን ማሸነፍ በደስታ የሰማን ብዙዎች ነን። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ሥርዓት፣ የተባረርነው ግን በባይደን ጊዜ ነው። ደብተሬ ላይ ባይደንን በቀኝ ገጽ በትክክል ጽፌያቸው ነበር። አጎዋን የጻፍኩበት ቦታ ግን የለም።

የእኛን አገር ጉዳይ ያነሣው ልብስ ሰፊው ነው። «የራሳችንስ ፕሬዚዳንት?» አለኝ። ሕገ መንግሥቱን ቤት ድረስ ሄጄ አመጣሁለት። በአንቀጽ 70 መሠረት ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ፤ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው። አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ የተመረጡት መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለሆነ ቀጣዩ በ2023 ይደርሳል ማለት ነው። «የአሜሪካኑን ዕጩ ሦስት ዓመት ቀድመን እንሰማለን፤ የእኛውን ሲምል» አለና ሳቀ። ሥልጣኑም የእነሱን ያህል እንዳልሆነ ነገርኩት። ግን መልሱ እኔንም አልሞላኝም፤ እናንተ አንድ ገጽ ብትሰጡት ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ሦስቱን ስሞቻችሁን ከጋዜጣው ቆርጬ በደብተሬ የግራ ገጽ ለጥፌያቸዋለሁ፤ የእትማችሁን ቀንም ጽፌበታለሁ። ልብስ ሰፊው በበኩሉ በጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ስም ጽፎ፣ አጥፎ ከመኪናው መሳቢያ ከተተው። ውርርዱ እንደ ጥንቱ ሁለት ኪሎ ነው። ጠመኔው እስከ 2021 ይቆይ እንደሆነ ስጠይቀው «ካልቆየ ሌላ ስም እጽፍበታለሁ፤ ጋዜጣህም እንደዚያው አይደል የሚያደርገው?» አለኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጅማ
መጋቢት 2018 ዓ.ም.