ከእስርና ከክርክር በኋላ የቀረበ ምስጋና

በማዳበሪያ እጥረት ምክንያት የተደረገውን ሰላማዊ ሰልፍ በማስተባበሬ የደረሰብኝን እስርና የክርክሩን ፍጻሜ አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም፤ ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ብቻ ነው።

አስቀድሜ የማመሰግነው ደጀን የሚኖሩትን አከራዬን ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ስላስማሉኝ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። እትዬ ፖለቲካ መስማት አይወዱም፤ ሰልፉንም «ምን አገባህ?» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። ሆኖም ከታሰርኩበት ዕለት ጀምሮ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፣ በዚያ በሐምሌ ጭቃ፣ ስንቅ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ፈታሾች ያመጣችሁትን ቅመሱ ስለሚሉ፣ በጾም ቀን ከሰዓቱ በፊት እየገደፉ መጉረሳቸውንና ይህንንም ለነፍስ አባታቸው መናገራቸውን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። የሟች ባለቤታቸውን ጋቢ ስለ መላካቸውማ ምን ብዬ ልጻፍ!

ከዚህም በላይ አለ። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰልፍ የሚያደርግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እኛም አሳውቀን ሳለ ደብዳቤው አልደረሰም ተባለ። ማንበብ የማይችሉት እትዬ ግን ሊያጥቡት ከወሰዱት ኮቴ ኪስ ያገኙትን ግልባጭ፣ «ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይጣልም» ብለው ከሥዕለ ማርያሙ ጀርባ አኑረውት ኖሯል። ያለ ክፍያ የቆሙልኝ ጠበቃ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብትን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 30 ጠቅሰው ሲከራከሩ በእጃቸው የነበረው መከላከያ ማስረጃ ያ ወረቀት ነበር። ለእርሳቸውም ምስጋናዬ ታላቅ ነው።

በየቀነ ቀጠሮው ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቢቸና እየመጣችሁ ችሎቱን የሞላችሁ ወዳጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ የዕድራችን አባላትና በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙዎች ናችሁና ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁን ግን ያልጠራሁት ረስቼ ሳይሆን ክሳችሁ ገና ስላልተቋጨ ነው።

እትዬ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ጋቢዎና የምሳ ዕቃዎ እኔ ዘንድ ናቸው። ከቢቸና ስመለስ ይዣቸው እመጣለሁ፤ እናቴ ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ ማር ሞልታበታለች።