«አልዘመቱም» ላላችሁት

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት፣ እንግሊዞች የጦር ሙታናቸውን ለማሰብ በኖቬምበር ደረታቸው ላይ ስለሚሰኩት ቀይ አበባ፣ ስለ ፖፒ፣ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም። እንዲህ ይላል፦ «አየርላንድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ስለነበረች፣ ሕዝቧ አበባውን የሚያደርግበት ምክንያት የለውም።»

ይህን ማን ጻፈው? ማንስ አይቶ አሳለፈው? ሌላውን ስህተት እተወዋለሁ። አበባውን አላደርግም ያለውን እግር ኳሰኛ ጄምስ ማክሊንን የሰሜን አየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ማለታችሁንም እተወዋለሁ። ሰውዬው ዓመታት ሙሉ የለበሰው የአየርላንድ ሪፐብሊክን ዋና ቡድን ማልያ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን አይታለፍም። የሞተን ሰው አልሞተም፣ የዘመተን ሰው አልዘመተም የሚል ነገር ነውና።

ደብሊን መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ለንደን ነበርኩ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ዘገባችሁ ለንደን ያሉ አራት ሐበሾችን አነጋግሯል። ርዕሱ ስለ አየርላንድ ሆኖ ሳለ፣ አየርላንድ ውስጥ የምንኖር አንዳችንን እንኳ አልጠየቀም። አንድ ስልክ ብትደውሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ደሴቲቱ በሙሉ የብሪታንያ ግዛት ነበረች። ገለልተኛ የምትሆን አየርላንድ የምትባል አገር ገና አልነበረችም። ገለልተኛ የሆነችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ያኔም ቢሆን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎቿ ተሻግረው የእንግሊዝን ጦር ተቀላቅለዋል። በአንደኛው ጦርነት ግን ከ200,000 በላይ አየርላንዳውያን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ተሰልፈዋል። የሞቱት ስንት ናቸው ለሚለው የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። ብዙዎቹ 35,000 አካባቢ ይላሉ። ከጦርነቱ በኋላ የተዘጋጀው የመታሰቢያ መዝገብ ደግሞ ከ49,000 በላይ ስም ይዟል፤ በአየርላንድ ሬጅመንቶች ውስጥ የሞቱ እንግሊዞችም ስለተቆጠሩበት ነው። ትንሹን ቁጥር ብንወስድ እንኳ፣ ለአንዲት ትንሽ ደሴት 35,000 ሬሳ ማለት ምን ማለት ነው?

በኤፕሪል 1915 የደብሊን ልጆች ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ከመርከብ ሲወርዱ ባሕሩ ውስጥ እንዳሉ በመትረየስ ታጭደዋል። በጁላይ 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ የሰሜኖቹ 36ኛ የኡልስተር ክፍለ ጦር በሁለት ቀን ብቻ ከ5,000 በላይ ሰው ሞቶ፣ ቆስሎና ጠፍቶበታል። በሴፕቴምበር እዚያው ሶም ላይ ጊዬሞንና ጂንሺ የሚባሉትን መንደሮች ለመያዝ የተዋጋው 16ኛው የአየርላንድ ክፍለ ጦር ነው። ጂንሺ ላይ ከሞቱት አንዱ ቶም ኬትል ይባላል። የፓርላማ አባል፣ ፕሮፌሰርና ገጣሚ የነበረ፣ ለአየርላንድ ነፃነት የሚሟገት ሰው ነው። ጦርነቱ ሲፈነዳ ቤልጂየም የነበረው ለአየርላንድ በጎ ፈቃደኞች ጠመንጃ ሊገዛ ሄዶ ነው። ሬሳው አልተገኘም። ሐውልቱ ሴንት ስቲቨንስ ግሪን መናፈሻ ውስጥ አለ። ምሳዬን ብዙ ጊዜ እዚያ አጠገብ ተቀምጬ እበላለሁ። ለእናንተ ይህ ሰው ገለልተኛ ነው?

ታዲያ ለምን አበባውን አያደርጉም? ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ መስመር አያልቅም።

ወንዶቹ ሲሄዱ በሙዚቃ ነበር የተሸኙት። ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ አገራቸው የራሷ ፓርላማ ይኖራታል ብለው ነው የዘመቱት። ብዙዎቹም ሥራ አጥተው፣ ልጆቻቸውን ለማብላት። እነሱ ግንባር ሳሉ በ1916 የፋሲካ ሰሞን ደብሊን ውስጥ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አመፅ ተነሳ። እንግሊዞች በሜይ ወር 15 ሰው በጥይት ረሸኑ። ከእነዚያ መካከል አንዱ ቆስሎ መቆም ስላልቻለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የተረሸነው፤ ጄምስ ኮኖሊ። ከዚያ ወዲያ የሕዝቡ ልብ ዞረ። በ1919 ወታደሮቹ ሲመለሱ አገሩ ሌላ አገር ሆኖ ጠበቃቸው። የለበሱት የደንብ ልብስ ጎረቤቶቻቸው ለነፃነት ብለው የሚወጉት የእንግሊዝ ጦር ልብስ ነበር። በ1920 ደብሊን ውስጥ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ኳስ ሊያይ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሰው 14 ሰው የገደሉት የዚያው መንግሥት ታጣቂዎች ናቸው።

ፖፒ ሽያጭ የጀመረው በ1921 ነው፤ በዚህ ሁሉ መሐል። ደብሊን ውስጥ አልተለበሰም ብላችሁ እንዳታስቡ። በ1920ዎቹ ጦርነቱ ባበቃበት ቀን፣ ኖቬምበር 11፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አበባውን ሰክቶ መሐል ከተማ ይሰበሰብ ነበር። ወጣቶች ደግሞ እየሮጡ ከደረት ላይ ይነጥቁት ነበር። የራሳቸውን ምልክትም አወጡ፤ የ1916ቱን ሙታን የሚያስታውስ ነጭ የፋሲካ ሊሊ። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት አበባ፣ ሁለት ለቅሶ። እየቆየ ቀዩ አበባ ወደ ቤት ገባ። ከቤትም ወደ መሳቢያ።

መሳቢያውን አይቼዋለሁ። በትክክል ለመናገር የብስኩት ጣሳ ነው። ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ የ93 ዓመት አዛውንት ናቸው። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በስሙ ነው፤ እኔ ግን በልቤ አባባ ነው የምላቸው። አባታቸውና የአባታቸው ወንድም አብረው ዘምተዋል። ወንድምየው ጋሊፖሊ ቀረ። አባትየው ተመለሱ፣ ሦስት ሜዳሊያ ይዘው። ጣሳው ውስጥ ከተቷቸውና አልጋ ሥር ገፉት። «ሰው ፊት እንዳታነሱት» ተብለው ነው ያደጉት። አባባ በሕይወታቸው ፖፒ አድርገው አያውቁም። ግን በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ ጣሳውን አውጪልኝ ይሉኛል። ሜዳሊያዎቹን በእጃቸው ያሻሹና ይመልሷቸዋል። እርሙን ያላወጣ ቤት ምን እንደሚመስል በእሳቸው ነው ያየሁት።

ያየሁት አልኩ እንጂ ለእኔም አዲስ አልነበረም። አባቴ የቀድሞው ጦር ወታደር ነበር። ናቅፋ ሄዶ አልተመለሰም። በ1983፣ በእኛ አቆጣጠር፣ መንግሥት ሲለወጥ እናቴ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ከሣጥኑ ሥር፣ ከነጠላዋ በታች አስቀመጠችው። «የደርግ ወታደር ልጅ» ስባል አድጌያለሁ። ፎቶው ግድግዳ ላይ የለም ብሎ አንድ ሰው መጥቶ «እነዚህ አባት አልነበራቸውም» ቢል ምን ይሰማን ነበር? ዘገባችሁ ለአባባ ያላቸው ይህንን ነው። የተናደድኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ስለ አበባው ራሱ። ለንደን እሠራበት የነበረ ቤት ውስጥ አለቃዬ «አንቺ ለምን አላደረግሽም?» ብላ ራሷ ደረቴ ላይ ሰካችልኝ። ፈቃዴን አልጠየቀችም። እኔም ለሙታን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሙታን እኔም አሉኝ። ደብሊን የመጣሁት በኖቬምበር መጀመሪያ ነበር። አበባው ካፖርቴ ላይ እንደተሰካ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው አፉን ከፈተብኝ። ምን እንዳደረግኩት አላወቅኩም፣ አለቀስኩ። ማታ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሻይ አፍልታ አስቀምጣኝ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ። ስለዚህ አየርላንዳውያን ሁሉ ደግ ናቸው እያልኩ አይደለም። ያ ሰውዬ ባለጌ ነው። ግን ባለጌነቱ ምክንያቱን አያጠፋውም።

ምክንያቱን ከሁሉ በግልጽ የጻፈው ማክሊን ነው፤ ዘገባችሁ «እንግሊዝን የሚጠላ» ብሎ በሁለት ቃል የዘጋው ልጅ። በ2014 ለክለቡ ሊቀመንበር ደብዳቤ ጻፈ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ለሞቱት ክብር አለኝ፣ አበባው ለእነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደርገው ነበር አለ። ችግሩ አበባው ከዚያ በኋላ የተዋጋውን የእንግሊዝ ጦር ሁሉ ማስታወሱ ነው። ማክሊን ያደገው እስከ ዛሬ በብሪታንያ ሥር ባለችው ሰሜን አየርላንድ፣ ዴሪ ከተማ ክሬጋን ሰፈር ነው። በጃንዋሪ 30 ቀን 1972 የእንግሊዝ ፓራሹት ወታደሮች ዴሪ ውስጥ ሰልፍ በወጣ ሕዝብ ላይ ተኩሰው 13 ሰው በዕለቱ ገደሉ። አንዱ ደግሞ በኋላ ሞተ። ከሟቾቹ ስድስቱ የክሬጋን ልጆች ናቸው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግድያው ምንም ማስተባበያ የሌለው መሆኑን አምኖ ፓርላማ ቆሞ ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው፤ ከ38 ዓመት በኋላ። አንድ የሰፈርህን ልጆች የገደለ ወታደር የሚታሰብበትን ምልክት ደረትህ ላይ ስካ ቢሉህ ትሰካለህ? ዘጋቢው ይህን ራሱን ይጠይቅ።

ሌላውንም ወገን አልደብቅም። በሰሜን አየርላንድ አበባውን በኩራት የሚያደርጉ ብዙ አሉ፤ አያቶቻቸው ሶም ላይ የቀሩባቸው። በኖቬምበር 8 ቀን 1987 ኤኒስኪለን ከተማ ውስጥ ለመታሰቢያው ቆመው የነበሩ ሰዎች ላይ እንግሊዝን ከሰሜን አየርላንድ ለማስወጣት ይዋጋ የነበረው ታጣቂ ቡድን አይአርኤ ቦምብ አፈነዳ። 11 ሰው ሞተ። ለእነሱ ቤተሰቦች ያ አበባ ሌላ ትርጉም አለው፤ ያንን ማንም ሊነጥቃቸው አይገባም። በ2012 የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ እዚያ ሄዶ የአበባ ጉንጉን አስቀመጠ። በ2017 ደግሞ የእሱ ተተኪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮ ቫራድካር ፓርላማ ውስጥ ፖፒ አድርጎ ታየ፤ መሐሉ ላይ ሻምሮክ፣ የአየርላንዱ ባለ ሦስት ቅጠል ያለበትን። ያመሰገኑት አሉ፣ የተቆጡትም አሉ። እኔ በምሠራበት ቤት ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። ይህ ሁሉ «ምክንያት የለውም» ከተባለ ሕዝብ ነው የሚወጣው?

ደግሞ የራሳቸው ቀን አላቸው፤ ዘገባችሁ ጨርሶ ዘለለው። በጁላይ 11 አቅራቢያ ባለው እሑድ በጦርነትና በተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር የሞቱ አየርላንዳውያን ሁሉ ይታሰባሉ፤ ለማን እንደተዋጉ ሳይለይ። በኖቬምበር 1960 ኮንጎ ውስጥ ኒየምባ ላይ የተገደሉት ዘጠኝ ወታደሮችም በዚህ ይታሰባሉ። የእኛም ወታደሮች ያኔ ኮንጎ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ይመሩ ከነበሩት ከአየርላንዳዊው ጄኔራል ሾን ማክዮን በ1962 አዛዥነቱን የተረከቡት የእኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። ለአማርኛ አንባቢ ስለ አየርላንድ ወታደር ሲጻፍ ይህ ነበር መጻፍ የነበረበት።

ደብሊን ውስጥ፣ ሊፊ ወንዝ ዳር፣ አይላንድብሪጅ የሚባል የዚያ ጦርነት ሙታን የመታሰቢያ ቦታ አለ። ንድፉ የኤድዊን ላችንስ ነው። ከሠራተኞቹ ግማሹ የእንግሊዝ ጦር፣ ግማሹ የአየርላንድ ጦር የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ ማሽን ትተው በእጃቸው ነው የሠሩት፣ ለብዙ ሰው እንጀራ እንዲሆን ተብሎ። ከዚያ ተረሳ። የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ጊዜ ነበር። ታድሶ የተከፈተው በ1988 ነው። ቅድም ያልኩት የስም መዝገብ እዚያ ነው፣ ስምንት ጥራዝ። አባባ መሄድ ስለማይችሉ እኔ ሄጄ የአጎታቸው ስም ያለበትን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ አሳትሜ አመጣሁላቸው። አሁን ከሜዳሊያዎቹ ጋር ጣሳው ውስጥ አለ።

ዘገባችሁን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ባላነበብኩት ይሻል ነበር። ገለልተኛ ነበረች የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝና «ታዲያ የአባቴ ወንድም የት ሄዶ ነው የቀረው?» አሉኝ።

እርማቱን በምታወጡበት ቀን አሳውቁኝ። ለእሳቸው እሱንም ማንበብ አለብኝ።

ከደብሊን፣ የዘወትር አንባቢያችሁ