ለልጅህ ስለሚገዛው ጠመንጃ

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል።

እዚህ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ከሄዳችሁ ወዲህ ተጠፋፋን። መጀመሪያ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር። ከዚያ በዓል በዓል ሆነ። አሁን ደግሞ የቀረን "እንኳን አደረሰህ" የሚል የቫይበር ምስል ብቻ ነው። የሌሊት ፈረቃው፣ ልጆቹ፣ የቤት ዕዳው፤ ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ። ግን በጣም ናፍቀኸኛል። ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ በስልክ የማይጨረስ ነገር ስላለኝ ነው።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ያ የጋራ ወዳጃችን ወሬህን ነገረኝ። ትልቁ ልጅህ 12 ዓመት ሞላው አሉ። ከክፍል ጓደኛውና ከጓደኛው አባት ጋር ጫካ ገብቶ የአጋዘን አደን አይቶ ከመጣ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም አሉ። አንተም አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ልትገዛለት ሱቅ ሄደህ፣ ሻጩ .30-06 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ አንስቶ እንዳሳየህ ሰማሁ። እባክህ እሱን ተወው። ጥሩ ጥይት ነው፤ ከ1906 ጀምሮ አሜሪካኖች ሲያድኑበት ኖረዋል። ለአንድ ቀጭን የ12 ዓመት ልጅ ግን አይሆንም።

አንድ ጎራሽ መምረጥህ ግን ደስ አሰኝቶኛል። ወገቡ ላይ ታጥፎ የሚከፈት ጠመንጃ ለጀማሪ የሚበልጠው የለም። ሲከፈት ጥይት ይኑርበት አይኑርበት አንተም በዓይንህ ታየዋለህ። አጥር ሲሻገር ይከፍተዋል፣ መኪና ውስጥ ሲገባ ይከፍተዋል። ከኋላ ያለችው መምቻ በአውራ ጣት ካልተሳበች ደግሞ አይተኩስም። ከሁሉም በላይ፣ ሁለተኛ ጥይት እንደማይከተል የሚያውቅ ልጅ የመጀመሪያዋን አያባክንም። የአያቶቻችን ውጅግራም እኮ አንድ ጎራሽ ነበር።

አሁን ወደ ጥይቱ ልምጣ። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል። ግፊቱ የሚለካው ፉት-ፓውንድ በሚባል የጉልበት መለኪያ ነው። 7 ፓውንድ ተኩል ገደማ በሚመዝን ጠመንጃ .243 ዊንቸስተር የሚባለው ጥይት 9 ወይም 10 ያህል ይገፋል። 7ኤምኤም-08 ሬሚንግተን 12 ወይም 13፣ .308 ዊንቸስተር 17 ገደማ ነው። .30-06 ሲሆን 20 ይደርሳል። ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። አንድ ጎራሾች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው፤ 6 ፓውንድ የማይሞሉም አሉ። ስለዚህ ሻጩ ያሳየህ ጠመንጃ የልጁን ትከሻ የሚመታው እኔ ከጻፍኩልህ ቁጥርም በላይ ነው።

ሕመሙ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልህ። ልጅ ጠመንጃውን አንዴ ከፈራው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸሻል። ይህን የሚያደርገው አውቆ አይደለም። ጥይቷም ልብና ሳንባ መምታቷ ቀርቶ ሆድ ትመታለች። እንስሳው ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባና ሲሰቃይ ያድራል። አንድ ልጅ አደን በጀመረበት ቀን ይህን እንዲያይ አልፈልግም። እንስሳውም ይህ አይገባውም። ፍርሃቱ ደግሞ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ትልልቅ ሰዎች እንኳ ሳይላቀቃቸው ዓመታት ሲቆጥሩ አይቻለሁ።

እኔ ለሴት ልጄ የገዛሁላት .243 ነው። ዊንቸስተር በ1955 ያወጣው ጥይት ነው። የ.308ን ቀለህ ወስደው አንገቱን ወደ 6 ሚሊ ሜትር አጠበቡት። በዚህ አገር ስንት ልጅ የመጀመሪያ አጋዘኑን በዚህ ጥይት እንደጣለ መገመት ይከብዳል። እኛ የምናድነው ከሸናንዶአ ሸለቆ በስተምዕራብ ባለው በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው። ቨርጂኒያ ለአጋዘን የምትጠይቀው የጠመንጃው ስፋት ከ.23 ኢንች እንዳያንስ ስለሆነ .243 ያልፋል። ልጄ ስትተኩስ ፊቷ አይለዋወጥም። እኔ የምፈልገው ያንን ነው።

አንተ ግን ኦሃዮ ነህ፤ ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አጋዘን የሚታደነው በሾትገን እንጂ በእንደዚህ ዓይነት ጠመንጃ አልነበረም። ከ2014 ወዲህ ጠመንጃ ተፈቀደ፤ ግን ቀለሁ ከሥር እስከ አፉ ወጥ የሆነ፣ አንገት የሌለው ጥይት የሚተኩስ መሆን አለበት። ስፋቱም ከ.357 እስከ .50 ኢንች ነው። .243ም፣ 7ኤምኤም-08ም፣ .308ም፣ .30-06ም ሁሉም አንገት አላቸው። ስለዚህ እናንተ ጋ ለአጋዘን አንዳቸውም አይፈቀዱም። ሻጩ ይህን ሳይነግርህ ጠመንጃ ማሳየቱ አሳዝኖኛል። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚታተም ከመግዛትህ በፊት የዘንድሮውን ከስቴቱ የዱር እንስሳት ክፍል ድረ ገጽ ላይ ራስህ አንብበው።

እኔ አንተን ብሆን .350 ሌጀንድ እገዛለት ነበር። ዊንቸስተር በ2019 ያወጣው እንዲህ ያለ ደንብ ላላቸው ስቴቶች ብሎ ነው። ቀለሁ ወጥ ነው፤ ስሙ .350 ቢልም የጥይቱ ስፋት .357 ስለሆነ ያልፋል። 150 ግሬይን (10 ግራም ገደማ) የምትመዝነው ጥይት በሴኮንድ 2,300 ጫማ ገደማ ትወጣለች። ግፊቱ ከሴት ልጄ .243 ጋር ይቀራረባል። የርቀት ጥይት አይደለም፤ ከ150 ያርድ በኋላ ቶሎ ትወድቃለች። ለልጅህ ግን ይህ አያሳስብህም። 12 ዓመቱ ነው፤ ከ100 ያርድ በላይ መተኮስ የለበትም። በደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ ባለው በዌይን ብሔራዊ ደን ውስጥ ደግሞ ኮረብታውና ዛፉ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ አያሳይም።

ሌሎችም ይነግሩሃል። .44 ማግነም ካገኘህ መጥፎ አይደለም፤ ከረጅም ጠመንጃ ሲተኮስ ለስላሳ ነው፣ እስከ 100 ያርድም በደንብ ይሠራል። .450 ቡሽማስተርና .45-70 ግን በቀላል አንድ ጎራሽ ሲተኮሱ ትከሻ ያደቃሉ። "ርካሽ ነው" ብለው ባለ 20 ጌጅ ሾትገን ስለግ ከሚባለው ወፍራም ነጠላ ጥይት ጋር ቢያቀርቡልህም እሺ አትበል። አፈሙዙ ከ12 ጌጁ ስለሚጠብ ለልጅ የሚስማማ ይመስላል፤ በቀላል አንድ ጎራሽ ግን ክፉኛ ይመታል።

በ.350 ሌጀንድ ከሚሠሩት አንድ ጎራሾች መካከል ሲቪኤ ስካውትና ሄንሪ አሉ። ስካውቱ ቀለል ይላል፣ የማነጣጠሪያ መነፅር ለማሰርም ይመቻል። ሄንሪው ከበድ ይላል፤ ለግፊቱ ግን ክብደቱ ይረዳል። ሁለቱንም ልጁ በእጁ ይያዛቸው። የቆዩትን የሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን ሀንዲ ራይፍሎች የሚሸጥልህ ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ እወዳቸዋለሁ፤ ግን .350 ሌጀንድ ከመምጣቱ በፊት መሠራታቸው አቁሟል። ከተገኘ የ.44 ማግነሙን ፈልግ።

ከጥይቱ እኩል የሚያሳስበኝ የሰደፉ ርዝመት ነው። ከሰደፉ ጫፍ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት ለአዋቂ ሰው 13 ኢንች ተኩል ገደማ ነው። ለልጅህ 12 ወይም 12 ተኩል ይበቃዋል። ሰደፉ ከረዘመበት አንገቱን ይዘረጋል፣ ጠመንጃውን ከትከሻው ያርቀዋል። ያኔ ለስላሳው ጥይትም ይመታዋል፤ መነፅሩም ቅንድቡን ሊሰነጥቀው ይችላል። ለልጆች የተሠራ አጭር ሰደፍ ያለውን ጠይቅ፤ ጫፉ ላይም ወፍራም ጎማ ይኑረው። ግፊት ይቀንሳል ብለው አፈሙዙ ላይ የሚገጠም ብሬክ ሊሸጡልህ ይሞክሩ ይሆናል። ይቀንሳል፣ ግን ድምፁን በጣም ይጨምረዋል። የልጅ ጆሮ ነው፤ ተወው። ያለ ብሬክም ቢሆን ጆሮው ውስጥ መወተፊያ፣ ከላዩም ትልቁን መከላከያ ያድርግ። አንተም እንደዚያው።

ክረምቱን በትንሿ .22 ጠመንጃ ይለማመድ። ግፊት የላትም፣ ጥይቷ ርካሽ ነው፣ ምላጭ መሳብን የምታስተምረው እሷ ናት። አዲሱን ጠመንጃ በኋላ ያንሳው፤ በአንድ ውሎ ከአምስት ስድስት ጥይት አይበልጥ። "አንድ ልጨምር" ሲልህ አቁም፣ ደስ ብሎት ወደ ቤት ይግባ። ቁጭ ብሎ፣ ጠመንጃውን በእንጨት ደገፍ አድርጎ ይተኩስ፤ ጫካ ውስጥም እንደዚያ ነው የሚሆነው። የወረቀት ሳህን በ50 ያርድ ስቀልለት። ምንም ሳይስት ሲመታ ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 100 ውሰደው። ሳህኑን መሳት ከጀመረበት ርቀት ላይ አጋዘን አይተኩስም። ይህን አስቀድማችሁ ተስማሙበትና ጫካ ውስጥ አትደራደሩ።

ጥይት ስትገዛ ካርቶኑን በደንብ አንብብ። ለኢላማ የሚሸጠው ርካሹ፣ እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው፣ ለአጋዘን አይሆንም፤ ሳይከፈት በስቶ ያልፋል። ለአጋዘን ተብሎ የተሠራውን ውሰድ። ጠመንጃውን በዚያው ጥይት አስተካክለው፤ የሌላ ጥይት ምት ቦታው ይለያል። እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ እስኪቆም ይጠብቅ። ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከሆዱ መስመር ወደ ላይ ሲሶ ያህል ላይ ያነጣጥር። ሳንባው እዚያ ነው፣ ልቡም ከሥሩ።

ፈቃዱን በተመለከተ የአዳኞች ትምህርቱን አብራችሁ ውሰዱ፤ አንተም ተማር። ኦሃዮ ለወጣቶች ብቻ የለየችው ቅዳሜና እሁድ አላት፣ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ። አንተ ጠመንጃ ሳትይዝ አጠገቡ ትሆናለህ። ሁለታችሁም ብርቱካንማ ሰደሪያ ትለብሳላችሁ። ቀኑ ለእኛ መልካም ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ይውላል። ትልቁ የጠመንጃ ሳምንት ግን ከታንክስጊቪንግ በኋላ ስለሆነ ጾሙ ውስጥ ይገባል። ልጁ ካገኘ ሥጋውን ለመብላት ቀናት ይኖራችኋል ማለት ነው።

እማማ "የታደነ ይበላል ወይ?" እንደሚሉ ይታየኛል። የእኔም እናት ብላለች። ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። ዘሌዋውያን 17 ደግሞ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ አፈር ያልብሰው ይላል። እኛ እንደዚያ እናደርጋለን። እማማ ልባቸው እንዲያርፍ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። ብቻ ክትፎውን ጥሬ እንዳትሞክሩት፤ የዱር እንስሳ ሥጋ በደንብ መብሰል አለበት። ጥብሱ ግን በቃሪያና በሮዝመሪ ግሩም ነው። በሁለታችንም ስቴት በአጋዘኖች ላይ የሚያመነምን በሽታ ስላለ ጭንቅላቱን ለምርመራ የምትሰጡበትን ቦታ አስቀድመህ እወቅ።

ቤት ውስጥ ጠመንጃው ተቆልፎ፣ ጥይቱም ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ቁልፉ አንተ ጋ ብቻ። ትንንሾቹ ልጆች አሉ፣ እንግዳ ይዞት የሚመጣው ልጅም አለ። ይህን በደብዳቤ ብቻ አልተወውም፤ ስንገናኝም እጠይቅሃለሁ።

አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። ልጁ ክርኑን አጥፎ፣ ከክርኑ መታጠፊያ እስከ አመልካች ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ያለውን በኢንች ለካና ላክልኝ፤ ክብደቱንም ጨምርልኝ። ትክክለኛውን ሰደፍ እዚህ ጠያይቄ እነግርሃለሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ፤ ስልኩን ለልጁም ስጠው፣ ሴት ልጄ ልታናግረው ትፈልጋለች። ወደ ቨርጂኒያ ብቅ ስትሉ ጠመንጃውን ይዛችሁ ኑ፤ .350 ሌጀንድ እኛ ጋ በቂ ነው፤ ጠመንጃ ወደሚፈቀድበት አውራጃ እኔ እወስዳችኋለሁ።

ባለቤትህን፣ እማማንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ