ከፎቶግራፉ ጀርባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም አባትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ሲበረታ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት ከፊላደልፊያ የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶኛል። ሰማያዊ ሹራብሽን ለብሰሽ ከአንድ ትልቅ ጥቁር ብረት ፊት ቆመሻል። ከሥሩም «እማዬ፣ ይኼ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቅሪት ነው፤ ቁም ሳጥን አይመስልም?» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ቁም ሳጥኑን ሳየው ዋልኩ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አለው፤ ወንድምሽ እየፈለገ ያመጣልኝን ጽሑፍ ሁሉ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፤ ያልገባኝንም ደግሜ አነበብኩ። ያገኘሁትን ካልነገርኩሽ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያ ብረት ኤኒያክ ይባላል። አንቺ ያየሽው ጥቂት ቁራጩን ነው፤ ሙሉው 40 እንዲህ ያሉ ሳንቃዎች ነበሩት፤ አንድ ሰፊ ክፍል ዙሪያውን ሞልቶ፣ 30 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በድሮ ሬዲዮ ውስጥ ቀይ ሆነው ሲበሩ እናያቸው የነበሩት የመስታወት ቱቦዎች ትዝ ይሉኛል፤ ይህ መሣሪያ እነሱን የመሰሉ 18,000 ያህል ነበሩት። በአንድ ሰከንድ 5,000 ጊዜ ይደምራል። ጆን ሞክሊና ፕሬስፐር ኤከርት የተባሉ ሰዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ነድፈው አሠሩት። «የመጀመሪያው» ስትዪ ግን ተጠንቀቂ። ጀርመናዊው ኮንራድ ዙሰ ከእነሱ በፊት በ1941 የሚሠራ ማሽን ነበረው፤ እንግሊዞችም የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ለመፍታት ኮሎሰስ የሚሉትን ሠርተው ለብዙ ዓመታት በምስጢር ይዘውታል። (እነዚህን ዓመታት የምጽፍልሽ በእነሱ አቆጣጠር ነው።)

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ልቤን የነካው ብረቱ አይደለም። ኮምፒውተር የሚለው ቃል፣ ማሽን ከመሆኑ በፊት የሰው መጠሪያ ነበር። አስሊ ማለት ነው፤ ቁጭ ብሎ በወረቀትና በእርሳስ የሚያሰላ ሠራተኛ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። እንግዲያው እኔ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ መዝገቡን ከፊቴ፣ መደመሪያውን በስተቀኜ አድርጌ በባንክ የኖርኩት ሴት ኮምፒውተር ነበርኩ።

በጦርነቱ ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ የአሜሪካ ጦር ሒሳብ የተማሩ ሴቶችን በጋዜጣ ማስታወቂያ ፈለገ። አንድ መድፍ ሲተኮስ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል፤ የመድፉ አፈሙዝ ምን ያህል እንደተነሣ፣ ነፋሱ፣ የአየሩ ሙቀት ሁሉ ይገባበታል። የአንዱን ጥይት መንገድ ብቻ በእጅ ማሽን ለማስላት ከ30 እስከ 40 ሰዓት ይወስዳል። ካትሊን ማክናልቲና ፍራንሲስ ቢላስ እዚያው ፊላደልፊያ ከሚገኘው ቼስትነት ሂል ኮሌጅ በ1942 እንደተመረቁ ማስታወቂያውን አይተው ተቀጠሩ። ደመወዛቸው በዓመት 1,620 ዶላር ሲሆን፣ የተሰጣቸውም ደረጃ «ከባለሙያ በታች» የሚል ነበር። የሒሳብ ምሩቅ፣ ያንን ሥራ እየሠራች፣ ከባለሙያ በታች!

ስለ ካትሊን አንድ ነገር ጨምሬ ልንገርሽ፤ አንቺን አስታውሳኛለችና። የተወለደችው በአየርላንድ፣ ዶኒጎል በሚባል አውራጃ ነው። ወላጆቿ ይዘዋት አሜሪካ ሲገቡ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ በቤቷ የሚነገረው አይሪሽኛ ብቻ ነበር። አንቺም በመጀመሪያው ወር «ሲያወሩ አልከተላቸውም» ብለሽ በስልክ ያለቀስሽበትን ሌሊት አልረሳሁትም።

በ1945 ከአስሊዎቹ መካከል ስድስት ሴቶች ለአዲሱ ማሽን ተመረጡ። ካትሊንና ፍራንሲስ፣ ቤቲ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ሩት ሊክተርማን። ቤቲ ጂን ከሚዙሪ የገበሬ ልጅ ነበረች። ቤቲ ስናይደር ደግሞ ዩኒቨርሲቲ በገባች የመጀመሪያ ቀን የሒሳብ መምህሯ ቤቷ ሆና ልጅ ብታሳድግ እንደሚሻላት ስለነገሯት ጋዜጠኝነት ያጠናች ናት።

ማሽኑ ምስጢር ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ክፍሉ እንኳን እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም። የተሰጣቸው ንድፉ ብቻ ነው፤ ትልልቅ ወረቀት ላይ የተሣለ የመስመር ጫካ። የአጠቃቀም መመሪያ የሚባል አልነበረም፤ አንቺ ዛሬ የምትጽፊበት ዓይነት የፕሮግራም ቋንቋም ገና አልተፈጠረም። መሐንዲሶቹን እየጠየቁ፣ አንዷ ለሌላዋ እያስተማረች፣ ሳያዩት ማሽኑን ከውስጥ አወቁት። ከገቡ በኋላም ፕሮግራም ማድረግ ማለት ቆሞ መሥራት ነበር። ከአንዱ ሳንቃ ወደ ሌላው ወፍራም ገመድ መጎተት፣ በሺህ የሚቆጠሩ መቀያየሪያዎችን አንድ በአንድ ማስተካከል። ከብዙ ሺህ ቱቦ አንዷ ስትቃጠል የትኛዋ እንደሆነች ፈልገው ይደርሱባት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ጦርነቱ ያለቀው ማሽኑ ተሠርቶ ሳያበቃ ነው፤ ከዚያ የተሰጠው የመጀመሪያው ከባድ ስሌት ደግሞ ለሃይድሮጂን ቦምብ ጥናት ነበር። ይህ ደስ አይለኝም። ከዚያ ማሽን ጀርባ ላለፈው የሰው ብልሃት ያለኝ ክብር ግን አልቀነሰም፤ ሁለቱንም አብሬ ይዤአቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደውን ልንገርሽ። ኤኒያክ ለሕዝብ የሚታየው የካቲት ወር 1946፣ በ15ኛው ቀን ነው። ለትርኢቱ የጥይቱን መንገድ ማስላት የሴቶቹ ሥራ ነበር፤ ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ቤቲ ስናይደርና ቤቲ ጂን ናቸው። በዋዜማው ሁሉም ነገር ይሠራል፣ አንድ ነገር ብቻ እምቢ ይላል፤ ጥይቱ መሬት ከነካ በኋላ ስሌቱ አይቆምም። በወረቀት ላይ ጥይቱ መሬቱን ሰርስሮ ወደ ታች ይቀጥላል። መሽቶባቸው ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤቲ ስናይደር ግን በእንቅልፏ ውስጥ መልሱ መጣላት። በማግሥቱ ማለዳ ገብታ አንዲት መቀያየሪያ ብቻ አዞረች። ጥይቱ መሬት ሲነካ ቆመ።

ይህን ሳነብ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። አንድ የወር መዝጊያ ላይ ሒሳባችን በ27 ብር አልገጥም ብሎ ሦስት ቀን አስጨንቆናል። ነባር ባልደረቦቼ ያስተማሩኝ ነገር አለ፦ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። 27 ለ9 ይካፈላል። ሲካፈል 3 ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው የ3 ልዩነት ያላቸውን ሁለት አኃዞች መፈለግ ነው። ይህን እያወቅሁ እንኳን ገጽ ስገልጥ ብውል አላገኘሁትም። በሦስተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል ነቃሁ፤ 58 የነበረው 85 ተብሎ የተጻፈበት መስመር ከነቀለሙ ፊቴ ላይ ነበር። ገና ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ደርሼ ቆሜ ጠበቅሁ። እኔና ያቺ ፊላደልፊያዊት በአንድ ዓይነት ማለዳ ወደ ሥራ የሄድን ሴቶች ነን።

ትርኢቱ ያለ እንከን አለፈ። በአየር ላይ 30 ሰከንድ የሚቆይ ጥይት መንገዱ በ20 ሰከንድ ተሰላ፤ ማለትም ጥይቱ ሳያርፍ ማሽኑ የት እንደሚያርፍ አወቀ። እንግዶቹ በአድናቆት ተሞሉ። ሴቶቹን ግን ማንም ለእንግዶቹ አላስተዋወቃቸውም። ማታ ታላቅ የእራት ግብዣ ነበር፤ አልተጠሩም። በዚያ የካቲት ብርድ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ፎቶግራፎቹ ቀሩ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ካቲ ክላይማን የምትባል የሃርቫርድ ተማሪ እነዚያን ፎቶግራፎች አይታ «እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ፣ ማሽኑ እንዲያምር ከፊቱ የቆሙ ሞዴሎች ናቸው የሚል ነበር፤ ለማቀዝቀዣ ማስታወቂያ ፍሪጅ ከፍታ እንደምትታየው ቆንጆ ማለት ነው። እሷ ግን አልተቀበለችም። ፈልጋ አገኘቻቸው፤ አብዛኞቹ በሕይወት ነበሩ። ተቀምጣ የሠሩትን ከራሳቸው አንደበት ቀዳች። በ1997 ነው ስድስቱም በአንድ ላይ በአደባባይ የተከበሩት፤ ያኔ ሩት በሕይወት አልነበረችም፤ የቀሩትም አሮጊቶች ነበሩ።

ልጄ፣ እኔም እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ አለኝ፤ አይተሽው ታውቂያለሽ። በ1987 ዓ.ም. በምሠራበት ቅርንጫፍ ኮምፒውተር የገባ ዕለት የተነሣነው ነው። መካከል ላይ ኃላፊዎቹና እንግዶቹ ቆመዋል፤ ዳር ላይ ነጭ ነጠላ ያጣፋሁት እኔ ነኝ። የደንበኞቹን ሒሳብ ሁሉ ከመዝገብ ወደዚያ ማሽን ያስገባነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነበርን፤ ሦስት ወር አምሽተን። ፎቶግራፉ በመሥሪያ ቤቱ መጽሔት ሲወጣ የወንዶቹ ስም ከነማዕረጋቸው ተዘርዝሮ፣ እኛ «ከሠራተኞች ጋር» ተባልን። ያኔ ምንም አልተናገርኩም። አሁን አዝናለሁ፤ ከሁለቱ ጓደኞቼ አንዷ ከእኛ ተለይታለችና።

በሚመጣው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ወደ አንቺ አገር ስለምትመጣ ሽሮና በርበሬ እልክልሻለሁ፤ ኮሰረቱን ለየብቻ ጠቅልዬዋለሁ። ያ ማሽን ያለበትን ሕንፃ ደግመሽ የምታዪው ከሆነ የመቀያየሪያዎቹን ቁልፎች ከቅርብ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ማሽኑ ፕሮግራም ይደረግ የነበረው እነሱን በእጅ እያዞሩ ነው፤ መጠናቸውን ማየት እፈልጋለሁ።

ፎቶግራፍሽን ፒያሳ ወስጄ በወረቀት አሳትሜዋለሁ። ከጀርባው እንደ ድሮው በቀለም ጻፍኩበት፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሙሉ ስምሽን ከነአባትሽ፣ ከሥሩም የስድስቱን ሴቶች ስም። ከዚያ ብዕሩ በእጄ እያለ የ1987ቱን ፎቶግራፍ ከአልበሙ አወጣሁት። ጀርባው ነጭ ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ ጀምሬ የሦስታችንንም ስም ጻፍኩ።

የምትወድሽ እናትሽ